ገመድ ላይ የተባለ እሺ

ኤርጎ ተከራክሮ የተሸነፈበትን ቀን አያስታውስም። ስለ ዝናብ አመጣጥም ይሁን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ፣ ስለ በሬ ጤናም ይሁን ስለ ጨረቃ ርቀት፣ እሱ ከተናገረ በኋላ ሌላው ሰው «ልክ ነህ ጋሽ ኤርጎ» ይላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገምበት፣ የዋህ ሰው ስለሆነ፣ እግዚአብሔር ማስተዋልን አብዝቶ ሰጥቶኛል ብሎ አመነ። አይፈረድበትም። እኔንም እናንተንም በየቀኑ «ልክ ናችሁ» ቢሉን እናምን ነበር።

የነገሩ ምሥጢር ግን ሌላ ነው። ኤርጎ የገመድ ሰው ነበር።

ከጂንካ ወደ ሃና ሲኬድ መንገዱን ወደ ግራ ትተው ኮረብታውን ከወጡ፣ ቀይ አፋፍ የሚባለው የወርቅ ማህበር አለ። ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርድና እዚያ ታች በየአቅጣጫው ዋሻ ይሆናል። መውረጃው አንድ ብቻ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ የእንጨት መዘውር ተተክሏል፤ መዘውሩ ላይ ወፍራም ገመድ ተጠምጥሟል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ተንጠልጥሏል። ድንጋዩም ሰውም የሚወጣውና የሚወርደው በዚያ በርሜል ነው። የመዘውሩን አንዱን እጀታ ተራ የደረሰው ይይዛል፣ ሌላውን ኤርጎ። «ያዝ» እና «ልቀቅ» የሚለው ግን ኤርጎ ብቻ ነው።

ማህበሩ ሲመሠረት ሽማግሌዎች አንድ ደንብ አውጥተው ነበር። የገመድ ሰው ቂም ይዞ መዘውር አይነካም፤ ወራጁም ቂም ይዞ በርሜል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በየማለዳው ወራጁ ሁሉ ተሰልፎ አንድ በአንድ ወደ ኤርጎ ይቀርባል። ኤርጎ እጁን ይዘረጋና «ልብህ ከልቤ ጋር ንጹህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወራጁ እጁን ጨብጦ «ንጹህ ነው» ይላል። ጠብ ካለ እዚያው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይነገርና እርቅ ይወርዳል።

ደንቡ መልካም ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አላማም። ግን እስቲ አስቡት። ከኋላህ ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል፤ ፀሐይ እየወጣች ነው፤ ከፊትህ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ገመዱ ያለው ከምትጣላው ሰው እጅ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ክርክር አይከፍትም። «አንተ ነህ ልክ ጋሽ ኤርጎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይልና በርሜሉ ውስጥ ዘሎ ይገባል።

ነገሩ በዚያው ቢቀር ደግ ነበር፤ ግን እየሰፋ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን መሪ ጅሩ፣ እሁድ መዘምራን የሚመራ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከመሬት በታች የሚውል ሰው ነው። ኤርጎ አንድ ማለዳ እጁን እንደያዘ «ብቻዬን አንድ መዝሙር ባቀርብ ምን ይመስልሃል?» አለው። የኤርጎ ድምፅ ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ነው። ጅሩ በርሜሉን አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ «ጌታ ይባርክህ» አለ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ኤርጎ በየሳምንቱ ብቻውን ይዘምራል፤ ጅሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይመራዋል፤ ምእመኑ ጅሩን መንፈስ የነካው ይመስለዋል። ገበጣ ላይም እንደዚያው ነው። በገበጣ ሰፈሩን ሁሉ ያንበረከከው ተረፈ፣ ኤርጎ ፊት ሲቀመጥ ጣቶቹ ይተሳሰሩበታል።

ኤርጎ ሌላም ልማድ ነበረው። ሰው እያወረደ እኩለ መንገድ ላይ ሲደርስ መዘውሩን በሽብልቅ ይቆልፍና «ትንፋሽ ልውሰድ» ይላል። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ከተንጠለጠለው ሰው ጋር ጨዋታ ይጀምራል። ክፋት አልነበረበትም። ሰው እዚያ ላይ ሆኖ እንደሚስማማው የትም እንደማይስማማ ስላስተዋለ ነው። «ገመድ ላይ የሰው ልብ ይከፈታል» ብሎ ለፓስተሩም ነግሮታል፤ ፓስተሩ ጉድጓድ ወርዶ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ ኤርጎ ሚስቱ ከሞተችበት ዓመታት ያለፉት፣ ልጆቹ ለትምህርት አርባ ምንጭ የገቡለት ሰው ነው። ልቡ ደግሞ ሙሉሽ ላይ ወድቋል። ሙሉሽ የማህበሩ ሊቀመንበር ናት፤ ባሏን ወባ የወሰደባት፣ ንግግሯ አጭር፣ ዓይኗ ብዙ የሚያይ ሴት። ያላት ዘመድ ደምሰው የሚባል ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። ደምሰውም ወራጅ ነው።

ኤርጎ ወጉን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ ወንድሟን መጠየቅ አለብኝ አለ። የት እንደጠየቀው ሳትገምቱ አትቀሩም። ሽብልቁን መታ፤ በደረቱ ተኛ፤ ወደ ጨለማው ጮኸ።

«ደምሰው!»

«አቤት ጋሽ ኤርጎ!»

«ሙሉሽን ላገባ አስቤ ነበር። ምን ትላለህ?»

በርሜሉ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከታች ውሃ ይንጠባጠባል።

«እሺ!» አለ ደምሰው። «እሺ ጋሽ ኤርጎ! ደስታዬ ነው! ብቻ አውርደኝ!»

ኤርጎ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የመጨረሻዋን ቃል ከንግግሩ አልቆጠራትም። ያን ዕለት ማታውኑ ሙሉሽ ደጅ ሄዶ፣ ወንድምሽ በደስታ ተስማምቷል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አላት።

ሙሉሽ ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ሰው ትወደው ነበር፤ እውነቱ ይነገር። ስንት ዓመት ሙሉ መዘውሩን ሲይዝ የአንድ ሰው ጥፍር እንኳ አልተነቀለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ እየዳሰሰ ይፈትሸዋል። በክረምት አይጥ እንዳይበላበት አልጋው ሥር አስገብቶት ይተኛል። ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ሰው ሲያወጣ አይታዋለች። ግን ይህ ሁሉ ሰው «ልክ ነህ» የሚለው ኤርጎና እውነተኛው ኤርጎ አንድ ሰው መሆናቸውን አታውቅም። እሱ ራሱም አያውቅም።

«ዊንቹ ይምጣና እነግርሃለሁ» አለችው።

ዊንቹን ያስመጣችው እሷ ናት። ጉድጓዱ ጠልቋል፤ ክንድ አልቻለም፤ ቀን ሙሉ መዘውር ሲዞር ውሎ የሚወጣው ድንጋይ እፍኝ የማይሞላ ሆኗል። ስለዚህ በጄኔሬተር የሚሠራ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚጎትት ዊንች ይምጣልን ብላ ጂንካ ስትመላለስ ከርማለች። ኤርጎ እሷ የፈለገችውን ስለሚፈልግ፣ ደግሞም መልሱ ከዊንቹ ጋር ስለሚመጣ፣ ከእሱ በላይ ዊንቹን የናፈቀ ሰው በደቡብ ኦሞ አልነበረም። ዊንቹን የጫነው አይሱዙ ኮረብታው ሥር ቆሞ አልወጣ ሲል ዕቃውን በሸክም ያወጡት ማህበርተኞቹ ናቸው። ከፊት ሆኖ የሸክሙን እንጨት የያዘው ኤርጎ ነበር። እየዘመረ።

ከዊንቹ ጋር ፋሲል የሚባል ባለሙያ መጣ። ከሰሜን ተመድቦ ጂንካ የሚሠራ፣ ሰው ሁሉ ኢንጂነር የሚለው ቀጭን ወጣት ነው። የእንጨቱ መዘውር ተነቅሎ ጥግ ላይ ተጣለ። በቦታው ባለ ሦስት እግር ብረት ቆመ፤ የብረት ገመድ ተጠመጠመ፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ሳጥን ተንጠለጠለ። ፋሲል እጁን አራግፎ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ።

«አረንጓዴውን ስትጫኑ ይሄዳል፤ ቀዩን ስትጫኑ ይቆማል። ይኸው ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰው ኦፕሬት ሊያደርገው ይችላል።»

ማንም ሰው። ኤርጎ ይህቺን ቃል ሰማት፤ ግን ወደ ሆዱ ለመውረድ አንድ ሌሊት ፈጀባት።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ወትሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ፋሲል ይዟል። ጅሩ መጣ። «ደህና አደርክ ጋሽ ኤርጎ» አለና አልፎት በርሜሉ ውስጥ ገባ። ተረፈም እንደዚያው። ደምሰው ጭራሽ ሰላምም አላለው። ኤርጎ የተዘረጋ እጁን የሚያደርግበት ሲያጣ ራሱን አከከበት።

ጉድ የፈላው ወደ ማታ ነው። ጅሩ ከበርሜሉ ወጣ፤ አቧራውን አራገፈ፤ ጥቂት ተራመደና ተመለሰ።

«ጋሽ ኤርጎ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ድምፅህ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ለምንም አይሆንም።»

ኤርጎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ጅሩ አልሳቀም። ዓመታት የቆየ ሸክም ከትከሻው የወረደለት ሰው ይመስል ዘና ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ተረፈ ወጣ።

«አንተ ገበጣ አትችልም» አለው። «አሸንፌህ አላውቅም፤ ግን አትችልም።»

ከዚያ ሁሉም በየተራ መጣ። አጥሬን አፍርሰህ ልክ ነህ አስባልከኝ የሚለው፣ የልጄን ስም ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አንተ አወጣህበት የሚለው፣ ዶሮህ ጓሮዬን ጨረሰው የሚለው። ኤርጎ አንዱን ሳይመልስ ሌላው ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ደምሰው መጣ። ሙሉሽም እዚያው ቆማ ነበር።

«ስለ እህቴ» አለ ደምሰው። «አልተስማማሁም።»

«እንዴ፣ በአፍህ እሺ ብለሃል እኮ!»

«ተንጠልጥዬ!» ብሎ ጮኸ ደምሰው። «ሰው ተንጠልጥሎ ምን ይላል? ስለ ምን ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። ልጣልህ ወይ ብትለኝም እሺ እልህ ነበር!»

ኤርጎ ወደ ሙሉሽ ዞረ። አንድ ነገር እንድትል ጠበቀ። እሷ ግን ወንድሟን ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ ትክ ብላ እያየችው ነበር። ኤርጎን ሆድ ባሰው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አኮረፈ። ፋሲል ለማህበርተኞቹ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ኤርጎ ትንሽ ራቅ ብሎ ዋንዛ ሥር፣ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ያኮረፈ ሰው ግን ሩቅ አይሄድም፤ ማኩረፉ መታየት አለበት። ጆሮውን ወደዚያ ጥሎ ነበር፤ ግን ጄኔሬተሩ ያጓራል። ፋሲል ስለ ነዳጅ ተናገረ። መብራት ቢቋረጥ ፍሬኑ ራሱ እንደሚቆልፍ፣ በርሜሉም ባለበት ቀጥ እንደሚል፣ ማንም ሊደነግጥ እንደማይገባ አስረዳ። ኤርጎ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ማንም» የምትለዋን ብቻ ነው። እንደገና።

ሥልጠናው አለቀና ፋሲል «በሉ አንድ ቋሚ ኦፕሬተር ምረጡ» አለ። ይህን ሲል ቀላል ነገር የጠየቀ መስሎት ነበር።

ተረፈ ተጠቆመ። ጅሩ ተነሳ። «ላሜ በቆሎው ውስጥ ከገባች ጀምሮ በቅጡ አያናግረኝም። በእሱ ጣት አልወርድም።» ጅሩ ተጠቆመ። ተረፈ ተነሳ። «በቆሎዬን ያስበላ ሰው ነው።» ደምሰው ሲጠቆም ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለዓመታት ሁሉም ከኤርጎ ጋር በግድ ሲታረቅ ስለኖረ፣ እርስ በርሱ መታረቅ የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

«እባካችሁ ወገኖቼ» አለ ፋሲል ተስፋ ቆርጦ፤ «ቁልፍ እኮ ነው የሚጫነው!»

«ጣቱ የማን ነው?» አለ ጅሩ።

ሙሉሽ መሃል ገባች። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «በሆዳችሁ የቀረ ነገር የሌለ፣ ሁሉን አውጥታችሁ የነገራችሁት ሰው ማን ነው?»

ሰዉ ተያየ። ከዚያ አንገቱ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ዋንዛው ዞረ። ዋንዛው ሥር አንድ ያኮረፈ ጀርባ ይታያል።

«እውነቷን ነው» አለ ተረፈ። «እኔ በእሱ ላይ ምንም አልቀረኝም። እንዲያውም ትንሽ አበዛሁበት።»

ፋሲል ደስ ብሎት «እንግዲያው ጋሼ ይሁኑ» አለ። «ግን ሴፍቲ ነው፤ ደንብ አለ። ኦፕሬተር የሚሆን ሰው መጀመሪያ ራሱ መውረድ አለበት። ታች ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ አለበት።»

ኤርጎ ወርዶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው የታወሳቸው። «የገመድ ሰው ቦታው ከላይ ነው» ይላል ሁልጊዜ፤ እነሱም «ልክ ነህ» ይሉታል።

ሙሉሽ ዋንዛው ሥር ሄዳ ነገረችው። ኤርጎ ሣር እየነጨ አዳመጣት።

«ትፈራለህ?» አለችው።

«እኔ? ምኑን?»

«እኔ እፈራለሁ» አለች ሙሉሽ። «በወረድኩ ቁጥር እፈራለሁ። ግን ወርጃለሁ። ገመዱን የያዝከው አንተ ነበርክ።»

ኤርጎ ይህን ሰምቶ መቀመጥ አልቻለም። ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን ቆመ። ፋሲል ጂንካ ስልክ እየደወለ ስለነበር ቁልፉን ለጊዜው የያዘው ደምሰው ነው።

«እርቁስ?» አለ ጅሩ፣ በጣም ቁም ነገረኛ ሆኖ። «ደንብ ነው።»

ደምሰው እጁን ዘረጋ። «ልብህ ከልቤ ጋር ንጹህ ነው?»

የኤርጎ ልብ ንጹህ አልነበረም። ደምሰው ሰው ፊት አዋርዶታል፤ ተስፋውን ቆርጦበታል። ከኋላው ግን ጉድጓዱ አለ።

«ንጹህ ነው!» አለ ፈጠን ብሎ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ድምፁን አወቀው። ይቺን ድምፅ በየማለዳው፣ ከየሰዉ አፍ ሲሰማት ነው የኖረው። ስለ ነገሩ ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረም፤ በርሜሉ ውስጥ ነበር፣ በርሜሉም እየወረደ።

ዓይኑን ጨፍኖ የበርሜሉን ጠርዝ ጨመደደ። ቅዝቃዜው ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። ጌታን ጠራ፤ እናቱን ጠራ። እኩለ መንገድ ላይ ሲደርስ በርሜሉ ቆመ።

ጸጥታ። የጄኔሬተሩ ድምፅ የለም። ሰው በደንብ እንዲሰማማ ያጠፉት መሰለው። ቀና ሲል ሰማዩ የሰሃን ያህል ሆኗል፤ በሰሃኑ ዙሪያ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ አሉ። በርሜሉ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከታች ውሃ ይንጠባጠባል።

ደምሰው ትንፋሽ እየወሰደ ነው፣ አለ ኤርጎ በልቡ። ይህን ነገር ማን ከእሱ በላይ ያውቀዋል! ጥያቄው እስኪመጣ ጠበቀ። ጥያቄው አልመጣም። ደምሰው ራሱ እንዲገምተው እየጠበቀው መሆን አለበት። ከእኔ ይከፋል ይሄ ልጅ፣ አለ። ከትንሹ ለመጀመር ወሰነ።

«ስለ ገበጣው!» ብሎ ጮኸ። «ተረፈ ይበልጠኛል! ሁልጊዜም ይበልጠኝ ነበር!»

ተረፈ እዚያ አልነበረም፤ ይህን ግን ኤርጎ በምን ያውቃል?

«የዶሮውንም ነገር! አጥር ሠርቼ አስገባዋለሁ!»

በርሜሉ ዞረ።

«መዝሙሩንም ትቻለሁ! ከእሁድ ጀምሮ አልዘምርም!»

«ሃሌ ሉያ!» አለ ከላይ አንድ ድምፅ። ጅሩ ነበር፤ አምልጦት ነው።

በርሜሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ኤርጎ ገባው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሙሉሽ ወረፋ ቆማ ስትስቅ፣ ሙሉሽ ከጂንካ በእግሯ ስትመለስ፣ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት። ገመዷ ግን ሲጥ አለች።

«ደምሰው!» አለ። «እሺ! ሙሉሽን አላገባትም! ትቻታለሁ! ለዘላለም ትቻታለሁ! ብቻ አውርደኝ!»

ከዚያ የደምሰው ድምፅ መጣ፤ ግራ የተጋባ ድምፅ።

«ጋሽ ኤርጎ! ነዳጅ አልቆ ነው እኮ!»

«ምን?»

«የጄኔሬተሩ ነዳጅ! ተረፈ ሊያመጣ ሄዷል! ፍሬኑ ይዞታል፣ አትደንግጥ!»

ኤርጎ በርሜሉ ውስጥ ቁጭ አለ። ፍርሃቱ እንዳለ ጥሎት ሄደ፤ በቦታው የመጣው ግን ሺህ ጊዜ የባሰ ነበር። ተረፈ ጄሪካኑን ይዞ እስኪመጣ፣ ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ፣ ታች ደርሶ ጭቃውን ረግጦ እስኪመለስ ድረስ፣ እዚያው ታች ልቅር ወይ እያለ ነበር።

ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ጠበቀው። ማንም አልሳቀም። ይሄ ከሳቅ ይብሳል። ጅሩ ብቻ ጀርባውን አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሙሉሽ ቀረበችው። «ትቻታለሁ አልክ አይደል ወንድም ኤርጎ?»

«ሰማሽ?»

«እስከ ዲመካ ከተማ ተሰምቷል።»

ኤርጎ መሬት ብትውጠው ደስ ይለው ነበር፤ ግን አሁን ነው የተፋችው። ሙሉሽ ወደ ሰዉ ዞር አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሁላችሁም ስሙ። ገመድ ላይ የተባለ አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም!» አለ ኤርጎ፣ ነፍስ ዘርቶ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ! እውነቷን ነው! ተንጠልጥሎ የተናገረ ሰው...» እዚህ ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ነገሩ ከወዲህ ብቻ ሳይሆን ከወዲያም እንደሚቆርጥ ቀስ እያለ ገባው። የደምሰው እሺ። የተረፈ ገበጣ። የጅሩ «ጌታ ይባርክህ»። በየማለዳው ከጉድጓዱ አፍ ላይ የሰበሰበው ልክ ነህ ሁሉ።

ጥግ ላይ የተጣለው አሮጌ መዘውር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«ምንም አይቆጠርም?» አለ።

«ምንም» አለች ሙሉሽ።

«ስለ ጨረቃ ርቀት ያልኩትስ?»

«እሱም» አለ ጅሩ፣ በርኅራኄ።

ኤርጎ ብዙ ጊዜ መሬቱን ሲያይ ቆየ። አዘኑለት፤ ያኔ እውነት አዘኑለት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ደስ ይላቸው ነበር። በመጨረሻ ተነሳና ደምሰው ፊት ቆመ።

«ደምሰው፣ አሁን ሁለታችንም መሬት ላይ ነን። እህትህን ላገባ እፈልጋለሁ። ምን ትላለህ?»

ደምሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አይሆንም» አለ።

ኤርጎ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ሁሉም አፉን ያያል። ከዚያ አፉን ዘጋው።

«ገባኝ» አለ።

በማግስቱ ቁልፉን ኤርጎ ያዘ። የጠዋቱ እርቅ እንደ ድሮው ቀጠለ፤ መልሱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ኤርጎ እጁን ዘርግቶ «ልብህ ከልቤ ጋር ንጹህ ነው?» ሲል፣ ሰዉ «አይደለም» ማለት ለመደ። አይደለም ካለ በኋላም ምክንያቱን ከነዝርዝሩ ያስረዳል። ኤርጎ ያዳምጣል፤ ይከራከራል፤ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። አንዳንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ አንድም ሰው አልወረደም። ፋሲል ሊጎበኝ መጥቶ፣ ከዊንቹ ወዲህ የሚወጣው ድንጋይ ከመዘውሩ ዘመን ለምን እንዳነሰ ሊገባው ስላልቻለ፣ ማሽኑን ፈትቶ ገጠመው።

ደምሰው በየማለዳው ይመጣል። «ንጹህ አይደለም» ይላል። «ስለ እህቴም አይሆንም።» ይህን ብሎ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። ኤርጎ አረንጓዴውን ይጫናል። በርሜሉ ያለ ምንም መንገራገጭ ይወርዳል፤ እኩለ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ታች ሊደርስ ሲል ኤርጎ ቀዩንና አረንጓዴውን እያፈራረቀ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። አንድ ቀን ደምሰው በሌላ ነገር ተናዶ መጥቶ፣ በኤርጎ ላይ አባቱን ጨምሮ ያልተናገረው አልነበረም። የሰማው ሰው ሁሉ ዛሬስ ብሎ ጉድጓዱን ተመለከተ። ኤርጎ አረንጓዴውን ተጫነ። በርሜሉ እንደ ወትሮው፣ ምናልባትም ከወትሮው ቀስ ብሎ፣ ወረደ።

ሙሉሽ ይህን ሁሉ ቆማ ታያለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ደምሰው እንደ ልማዱ «ስለ እህቴም አይሆንም» ብሎ ወረደ። ብረቱ ገመድ ላላ፤ ደርሷል ማለት ነው። ሁልጊዜ «ደረስኩ!» ይል ነበር። ዛሬ ድምፅ የለም። ኤርጎ ደነገጠ። ሳጥኑን ለቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ።

«ደምሰው! ደህና ነህ?»

«ጋሽ ኤርጎ!» አለ ከታች።

«አቤት!»

«እሺ!»

«ምኑን ነው እሺ?»

«እህቴን! እሺ ብያለሁ!»

ኤርጎ ዞር ሲል ሙሉሽ ከኋላው ቆማለች፤ ሰምታለች። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሙ ሰምቶታል። ግን ሰው ከተማረ ተማረ ነው። ወደ ጉድጓዱ ተመለሰና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«አይቆጠርም! ገመድ ላይ ነህ እኮ!»

ከታች ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ጉድጓዱን እየዞረ ወጣ።

«ከበርሜሉ ወርጃለሁ!» አለ ደምሰው። «መሬት ረግጫለሁ! በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ፣ ጋሽ ኤርጎ! እሺ!»

ኤርጎ እንደተንበረከከ ቀረ። እንባው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ በእጅጌው ጠረገው። ሙሉሽ አጠገቡ መጥታ ቆመች። እሱ ቀና ብሎ አያት።

«እኔም መሬት ላይ ነኝ» አለችው። «በል ተነስና ጠይቀኝ።»